ዳለቻ

ከጠባሴ በላይ፥ የተለሰነው ቤት
ስድስት ወር ጠበቀን፥ ቀለም ሳንመርጥለት።
ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም፤ ባልዲው ሁሉ ሞልቷል፥
ከነጋሽ ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ይውላል።

"ሰማያዊ ይቅር፤" አለኝ እርገጤ፥
"ሰማያዊ ቤት ውስጥ ነው የሆንኩት ላጤ።"
አቦነሽ ናት ያስቀባችው፥ መስኮቱን ጨምራ፤
ታማ እንደተኛች፥ "ሰማይ አምጡልኝ" ብላ፥
ከአልጋዋ ተከራክራ።

"አረንጓዴም ይቅር፤" አልኩት እኔ ደግሞ፤
ወንድይፍራው ታየኝ፥ መሰላል ላይ ቆሞ፥
ካፊያው በጸጉሩ ላይ፥ ብሩሹን ይዞ በእጅ፥
"መሰላሉን" ሲለኝ፥ "አጥብቀሽ ያዥ እንጅ!"

እና ተስማማንበት፤ ወገን የሌለው ይሁን፥
እሷን የማይጠራ፥ የማይቀሰቅስ እሱን።

ነጋሽ ካርዱን አውጥቶ ባንኮው ላይ ዘረጋልን፤
"ክሬም፥ የዝሆን ጥርስ፥ ቤዥም አለ፥" አለን።
ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ነጭ ብቻ መሰለኝ፤
እርገጤ ግን ሳቀ፤ ዓይኑን ጠበብ አርጎ፥ "ቆይ ላሳይሽ" አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብርድ ልብስ ፋብሪካ
የመንዝ በግ ጸጉር ሲለይ፥ ሲያበጥር፥ ሲለካ፥
ነጭ ከነጭ መሃል ስንት እንዳለ ያውቃል፦
ያልታጠበው ጸጉር ቅቤ ቅቤ ይላል፤
የግልገል ሆድ ደግሞ አይብ አይብ መሳይ፤
የአሮጊት በግ ጀርባ፥ ክረምት ያለፈበት፥
ልክ የጣርማበር ሰማይ።

"ይሄ ነው" አለና አንዷን ነካ በጣት፤
"አመድ እንዳይሉት ገለባ፥ ጥቁር እንዳይሉት ንጣት፤
ዳለቻ ነው እቴ፤ ላም ብትሆን ኖሮ
አባቴ ባልሸጣት!"

ልጆቹም ደወሉ። የእኔዋ ከሸዋሮቢት፦
"እማዬ፥ አመድ ቀለም ምን ሊሆን ነው ለቤት?
ጤና ጣቢያ መሰለ።" የእሱ ልጅ ከመሐል ሜዳ፦
"ብርቱካን ቀቡት አባ፤ ይሙቀው እንግዳ።"
ሰማን። አመሰገንን።
ስልኩን ዘጋን።

ናሆም፥ ቀቢው ልጅ፥ መዳፍ መዳፍ አክሎ
ሦስት ቦታ ሞከረ፤
"ሲደርቅ ይለወጣል፤ ነገ እዩት" ብሎን
በሳይክሉ በረረ።

ለጣሪያው ከእሱ ነጣ፥ ለበሩ ጠቆር፤
መጋረጃው ይስማማ፥ ሶፋው እንዳያፍር፤
"ያ የእኔ ቀይ ምንጣፍስ ይቅር ወይስ ይኑር?"
"ይኑር" አለ እርገጤ፤
"ግድግዳ ዝም ሲል ነው ምንጣፍ የሚናገር።"

ተቀባ። አራት ባልዲ፥ ሁለት እጅ። ጨረስን።
የደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ አላደርቅ ብሎ
ሳምንት አስነጠሰን።

ከዚያ አንዱን ጠዋት፥ ጉሙ ሳይገለጥ፥
አመዳዩ ከሣሩ ላይ ገና ሳይቀልጥ፥
ቀና ብል፥ ግድግዳው ሰማያዊ ሆኗል።
ብዙ አይደለም። ትንሽ። ውኃ የነካው ያህል።
እርገጤ ፊቱን ሰጥቶት ቆሟል፤
ሻዩ በእጁ ቀዝቅዟል።
አልጠየቅኩትም።

ማታ ደግሞ አምፖሉን ቦግ አርጌ ሳበራ፥
ቢጫው ብርሃን ወርዶ ከአመዱ ጋራ
ተቀላቀለና፥ አረንጓዴ አወጣ፤
ያልጋበዝነው ሰው ከጓዳ እንደመጣ።
እጄን ዘረጋሁት፤ ሳላውቀው ጨበጥኩ፤
መሰላል በሌለበት መሰላሉን ያዝኩ።
እርገጤ አየኝና፥
እሱም አልጠየቀኝም።

ናሆም ለቀሪው ሒሳብ መጥቶ፥ "ምነው፥ አስጠላ?
አንድ እጅ ልደርብበት፥ ይለወጥ በሌላ?"
"ተወው" አልነው፥ እኩል፥ እንደተማከረ ሰው።
ልጁ ግራ ገባው።

ጠዋት እሱ ዝም፤
ማታ እኔ ዝም፤
እኩለ ቀን ላይ ብቻ፥ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፥
ዳለቻ ነው ግድግዳው፤ ማንንም አይመስልም።
ያኔ በሩን ከፍተን
ምሳ እንበላለን፥ ሁለታችንም።