ደጀን በዶሃ

ማዳም ሉልዋ ተራራ ልትወጣ ነው አሉ፤
ዶሃ ላይ ደግሞ ዳገት የለ፣ ሜዳ ነው ሁሉ።
ስለዚህ በሌሊት፣ አዛን ሳይሰማ፣
ፀጉሯን አስራ፣ አጥብቃ ጫማ፣
የእሳት አደጋ በሩን ከፍተን፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ደረጃ
አርባ አራት ፎቅ እንወጣለን፤ «ለሳንባ ነው፣ ለመለማመጃ።»

እሷ ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ፤
ውሃና ፎጣ ይዣለሁ፣ ቴምርም ሲደክማት የምትበላ።
የሷ ጫማ ከጀርመን ነው፣ በሣጥን የመጣ፤
የኔው የቤት ሸበጥ፣ ማሰሪያው የወጣ።

መውጣቷ ለበጎ ነው፦ ውሃ ለጠማው መንደር
በየመቶ ሜትሩ ሊከፍሉ፣ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩበት በዚያ ብር
ወንድሟ ፈርሟል፣ ባንኩም፣ የባሏም ማኅበር።
ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ነው። ስወለውል አነበዋለሁ፤
ዳገት በሜትር ሲሸጥ ገና አሁን አየሁ።

«የት ነው ተራራው?» አልኳት። «ራስ ደሸን» አለችኝ።
ማንቆርቆሪያው ከነግለቱ እጄ ላይ ቀረብኝ።
የጃናሞራ ልጅ ነኝ፤ በራችን ሲከፈት
ሌላ ምን ይታያል፣ እሱ ነው ፊት ለፊት።
እናቴ ለአንድ ጣሳ ጨው ሁለት ቀን ስትሄድ በሥሩ
የከፈላት አልነበረም በየመቶ ሜትሩ።

ይህን ግን አላልኩም።
«ይበርዳል?» አለች። «ይበርዳል።»
«ምን ልያዝ?» ጋቢ ልል አፌ ላይ መጥቶ
«ጓንት» አልኳት።

ሌላ ሌሊት ደግሞ፣ ደረጃው መሀል፣ ስሙን ጠየቀችኝ።
«ደሸን አይደለም፣ ደጀን ነው። ደጀን ማለት፣ ሰው ሲዋጋ
ከኋላው የሚቆም፣ ስንቁን ይዞ የሚያነጋ።»
ዞር ብላ አየችኝ፣
ውሃውን ተቀበለችኝ።
ሃያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበርን።

ይታጠቁ የአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ሠራተኛ ነበረች።
የፈላ ዘይት ሁለት እጇን በላው፤ በፋሻ ተጠቅልላ ተኛች።
«ትኬቷ እኔን አይመለከተኝም» አለ አሠሪዋ።
ስትደውልልኝ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ
የምትይዝላት ነርሷ ናት።

ፑርባ፣ ታች ያለው ዘበኛ፣ ኔፓል ነው አገሩ፤
ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጽፋል፣ ሁለት ነው መስመሩ፦
አንዱ የማዳም፣ አንዱ የኔ። የኔው ይረዝማል፤
የረሳችውን ላመጣ ስንቴ ተመልሻለሁ!
«ያንቺን ለምን አንሸጠውም?» አለኝ በዚያ ስብርባሪ ዓረብኛ፣
«ለይታጠቁ። ፎቅ በፎቅ። ተራራ እኔ አውቃለሁ፣ ሂሳቡን ለኔ።»
«ሃምሳ ሎሚ» አልኩት። «ሎሚ ምን ያደርጋል?» አለኛ!

ሾፌሮቹ ሪያል ሪያል፣ ፊሊፒናዊቷ ሞግዚት አሥር፤
የከረላው ባለሱቅ እውነትም ሎሚ ላከ፣ አንድ ከረጢት፣
«ሸጣችሁ ጨምሩበት» ብሎ ነበር።

ሳህን አጥቤ ስጨርስ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ብቻዬን እወጣለሁ፤
ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን በጣቴ እይዛለሁ።
ሊነጋጋ ሲል ማዳም ስትጠራኝ ደግሞ ከኋላዋ፤
ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ ይሰማው ይሆን ጆሮዋ?

ፑርባ አባዝቶ ነገረኝ፦
አራት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሜትር፣ ከባሕሩ ጠርዝ ሲለካ፣
በሠላሳ አንደኛው ጉዞ ነው፤
ጫፉ የሚውለውም፣ ሲሰላ፣
አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ነው።

ደረስኩ።
ነፋስ የለም። በረዶ የለም። ጭላዳ የለም።
ቁጥሩ በቀይ ቀለም፤ የሊፍት ገመድ ድምፅ፤ የቆሻሻ ሽታ።
የጓዳው በር ተከፈተ።
በይታጠቁ ቦታ የመጣችው ልጅ፣ ሽርጡ እንኳ የይታጠቁ፣
ጥቁር ፌስታል ይዛ ወጣች፤
እኔ ግድግዳ ይዤ እቃትታለሁ።

«ሐበሻ ነሽ?»
«ነኝ።»
ሸበጤን አየች፣ ላቤን አየች።
«ሊፍት አለ'ኮ እህቴ» አለችኝ አዝና።

«አውቃለሁ» አልኳት።
ሃያ አምስት ፎቅ ይቀረኝ ነበር።