የዘለልሽው ፌርማታ

ዳሌው ተጠገነ፤ ሰኞ ጠዋት ገባ፣ ቀትር ላይ ወጣ፤
ሐኪሙም ጓንቱን ጥሎ፣ "ሠመረ" ብሎ ሄደ ሻይ ሊጠጣ።
ሌሊት በስምንት ሰዓት ግን፣
የላይፕዚግ ዝናብ መስኮቱን ሲደበድበው፣
ሄር ኦትማር ዙንደርማን አልጋውን አስነሥቶ እንደ ትራም ነዳው።

"ትኬት!" አለኝ ገና ስጠጋ፤
"ሳትከፍዪ ነው የተሳፈርሽ? ውረጂ፣ በሩ ሳይዘጋ።"
የክንዱን ቱቦ ሳበው፣ የደወል ገመድ መስሎት፤
ደሙ አንሶላው ላይ ጠብ ሲል፣
"ቀይ በራ" አለና ቆመ፣ በትዕግሥት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል፣ አሥራ አንድ ቁጥርን፣ ከሰሜን ደቡብ፤
ፌርማታውን ይወጣዋል፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ያለ ንባብ።
አሁን ግን ጠፋው መንገዱ፣ ወደ ሽንት ቤቱ፤
አምስት እርምጃ ናት ሁሏም፣ ከአልጋው እስከ መብራቱ።

ልጁ አንትዬ ማክሰኞ መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ፣
"የቆረጣችሁት ዳሌውን ነው፤ ራሱን ማን ነካው?" አለች ደክማ።

ምን ልበላት? ጀርመንኛዬ የሆስፒታል ነው፤ በአንድ ቃል ያልፋል።
በኔ ቋንቋ ግን ቁስል ይቆጣል፤ ቁጣ ደግሞ ይዛመታል።
ስለት ሥጋን ሲነካ የሰውነት ዘበኛ ይነቃል፤
ፉጨቱን ይነፋል፤ መንደሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል።
ሌባው የለም፤ ሐኪም ነበር፤ ሰፍቶ፣ ዘግቶ ሄዷል።
ዘበኛው ግን አያምንም፤ ጩኸቱ በደም ሽቅብ ይሮጣል፣
የራስ ቅልን በር ያንኳኳል፤
እርጅና ያላላው በር ደግሞ፣ ምን ያደርጋል፣ ይከፈታል።
እዚያ ውስጥ መዝገብ የሚጠብቁ፣ ገር፣ ዝምተኛ ሕዋሳት
እነሱም ዱላ ያነሣሉ፤ መዝገቡን ይረግጡታል፣ በጨለማ፣ በስሕተት።

ይህን ሁሉ አላልኳትም። "መነጽሩ የት አለ?" አልኳት።
"የጆሮ መስሚያውስ?" ቤት ነው፣ መሳቢያ ውስጥ። "ሂጂ አምጪው" አልኳት።

መድኃኒቱ ሲነግሩት ያሳፍራል፤ ሕፃን ማሳደግ ይመስላል፦
ውኃ ማጠጣት፤ ሲነጋ መጋረጃ መግፋት፤ ሌሊት ዝም ማለት፤
ባልደረባዬን ሄኒንግን "ጫማህን ቀይር" ብሎ መቆጣት፤
"ይቺ የምታፈዘው ክኒን ትቅርበት" ብሎ ከሐኪም መሟገት፤
እያቃሰተም ቢሆን፣ በማግስቱ፣ ማስረገጥ መሬት።

እናም ኮሪደሩን ሐዲድ አደረግነው፤
እኔ ስጠራ፣ እሱ በክራንች ሄደው።
"ዋናው ባቡር ጣቢያ!" የነርሶች ጠረጴዛ።
"አውጉስቱስ አደባባይ!" የአንሶላ ጋሪ፣ ያልታጠበ፣ የወዛ።
ረቡዕ ዝም። ሐሙስም ዝም፤ አንዴ ብቻ፣
"ሲስተር፣ እናቴ ተሳፍራለች?"
ከሞተች አርባ ዓመቷ ነው።
አዎ ማለት ይቀል ነበር። "ላይፕዚግ ነን፤ ነገ አርብ ነው" አልኩት፤
ዓይኑ ግን በሩን በሩን አየች።

አርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ በቀጭኑ ተጋድማ፣
"ሎይሽነር አደባባይ!" ብዬ ስጣራ፣ ቀጥ አለ፤ ሰማ።
"ዘለልሽ!" አለኝ። "የፈረስ አደባባይን!" ድምፁ ኮሪደሩን ሞላ፤
"ሰው በብርድ ቆሞ ሲጠብቅ ይታለፋል እንዴ? ምን ይላል ሕዝቡ ኋላ?"

አቤት! ቁስሉ ሲበርድለት ሰውየው ተቆጣ።
ጥርሴን ነከስኩ እንዳልስቅ፤ እንባዬም እንዳይመጣ።
"ይቅርታ" አልኩት፤ ወደ ኋላ መለስነው ትራሙን፤
ሁለት እርምጃ፣ በክራንች፤ አሳፈርነው ያን ብርድ የመታውን።

በሦስተኛው ወር ለምርመራ መጣ፣ በእግሩ፣ ኮፍያውን ደፍቶ።
ሰዓት ሳለ፤ ከመቶ ሰባት ሰባት ቀነሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ተግቶ።
አምስት ቃል ነገሩት፤ አራቱን መለሰ፤
አምስተኛውን ጣራው ላይ ፈለገው፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ደጋግሞ፤
"ይመጣል" አለኝ ሲወጣ።
እኔ እንጃ። አንድ ቃል እዚያው ፌርማታ ላይ ቀርቷል፣
አንገትጌውን አቁሞ።