ጠመኔ

ሥራዬ ጉድለት ነው።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ከምርመራው ክፍል፣
ከታች አምፖል በርቶ፣ በመስታወቱ ላይ አቡጀዲው ሲንከባለል፣
የሳተውን ድር፣ የተበጠሰ ማግ፣ የዘይት ጠብታ
በጠመኔ እከባለሁ፣ ከጧት እስከ ማታ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀዳዳ አላመለጠኝም፤
የራሴን ግን እንጃ፤ ከሥሬ የሚያበራ አንድ ሰው የለኝም።

እንቅልፍ ከተለየኝ ይኸው ሦስት ዓመቱ፤
በዚያ ክፉ ሰሞን፣ ያገኘነውን አንጠልጥለን ስንወጣ ከቤቱ፣
ወንድሜ ይመር «ቁልፉን ረሳሁት» ብሎ ተመለሰ።
መንገዱ ሰው ሆኖ ፈሰሰ፤
እኔም አብሬ ፈሰስኩ።
«ተው» ሁለት ፊደል ናት።
ብዬው ይሆን? ወይስ አፌ ውስጥ ቀረች? ማን ይመስክርላት?

ማሽኑ ሲንጫጫ ደህና ነኝ፤ እቀልዳለሁ፣ እስቃለሁ።
መብራት የጠፋ ለት ነው ጉዴ፤
ያ ሁሉ ጩኸት ባንዴ
ጸጥ ሲል፣ የቁልፍ ድምፅ እሰማለሁ፤
ወደ በሩ እሮጣለሁ።

«አብሽሪ» አሉኝ፤ አበሸርኩ።
በእናቴ ወገን ዱዓ፣ በአባቴ ወገን ጠበል፣
ሁለቱንም ደጅ ጠናሁ፣ ሁለቱም ዘንድ አለቀስኩ።
ደረቴን ቀለል ይለዋል፤ ቁልፉ ግን አሁንም ይንኳኳል።

ጦይባ ናት የነገረችኝ፣ ጥቅል አብራኝ የምታነሳው፦
«ደሴ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። እኔም ሄጃለሁ።»
ሳቅሁባት። «ለወሬ ቀጠሮ?
እኛ ሰፈር ወሬ በነፃ ነው፤ ያውም ከነምርቃቱ!»
ሳቄ ሲያልቅ ፍርሃቴ ቀረ።
ያ ክፍል ስም አለው። ከዚያ ስወጣ ያየኝ ሰው
«ለየላት» ይላል፤ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ
ኮምቦልቻ ይገባል።

ሼህ ሙሄን ጠየቅኋቸው፣ የማስቀይማቸው መስሎኝ።
«እግር ሲሰበር ወጌሻ እንጠራ የለም?» አሉኝ፤
«ዱዓና ወጌሻ ተጣልተው አያውቁም፣ ልጄ።»

ሐረጎን ሽቅብ ስንጠማዘዝ
ሦስት ጊዜ «ወራጅ አለ» ልል ነበር።
ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ደሴ ግማሿ ብቻ ነበር።

ትርንጎ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፤
ከጠረጴዛዋ አንድ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ፣ እንዳይነቃነቅባት።
ሰኞ ገበያ እንደቆመ ሸማች ጨርቁን ጎትቼ አየሁት፦
ስንት ጊዜ ነው? ኪኒን አለው? ለማን ትነግሪያለሽ?
«ኪኒን ካስፈለገ ሐኪሙ አለ፤ የእኔ ሥራ ንግግር ነው።
የነገርሽኝ እዚህ ይቀራል፣ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ካልሆነ፤
ያንቺም የሰው ነፍስ ናት።
ምክር ብዙ አልሰጥም፤ ምክር ከሞላበት አገር ነው የመጣሽው።
መጀመሪያ ሊብስብሽ ይችላል፤ ቁስል ሲታጠብ ይለበልባል።
ካልተስማማሁሽ ሌላ ፈልጊ፤ ጫማ እንኳ በልክ ነው።»
ከዚያ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች፤
«እንግዲያ አምፖሉን እኔ እይዛለሁ፤ ጠመኔው ግን ያንቺ ነው» አለች።

«አስቤበት እመጣለሁ» አልኳት፣ ለመሸሽ።
«ነይ» አላለችም። «አስቢበት» ነው ያለችው።
ብጣሽ ወረቀት ላይ፦ ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት።
ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተደፈነ።

ማክሰኞ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ መብራት ጠፋ።
ቁልፉ መጣ። እግሬ ለሩጫ ተነሳ፤
እጄ ግን ጨርቁን ያዘ፤ በጨለማው፣ በዳሰሳ፣
የሆነ ነገር ጻፍኩ።

ሲነጋ ተቆጣጣሪው አቶ ሸጋው ጥቅሉን ዘርግቶ፣
«ተው» ይላል፣ በትልልቁ፣ ተንጋዶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
«ይኼ ደሞ የምን ጉድለት ነው?» አለኝ ተቆጥቶ።
«የእኔ ነው» አልኩት። «ሐሙስ ፈቃድ እፈልጋለሁ።»

የሚቀጥለውን ሐሙስ አላውቅም።
ይኼኛውን እሄዳለሁ።