እስኪገነፍል

ከሱሉልታ ኬላ አለፍ ብሎ፣ ከቆርቆሮው በረት፣
ኡርጌ ጎንበስ ብላ ዳለቻን ታልባለች ገና በሌት።
"ጥሬውን ጠጪው" ትለኛለች፣ "በወይራ ያጠንኩትን፤
እሳት ይገድለዋል፣ ያጠፋል ጉልበቱን።
የላስቲኩ ወተት የማን ላም ነው? ስሟን ማን ያውቃል?
የስንቱ በረት ድምር አንድ ከረጢት ውስጥ ይንቦጫረቃል!"

አመንኳት። ስድስት ወር ትኩሱን ጨለጥኩት፣
የአረፋውን ጢም በነጠላ ጫፍ እየጠረግሁት።

ከዚያ ወገቤ ተቆረጠመ። ማታ ማታ ላብ።
የጤና ጣቢያዋ ሲፈን፣ ደሜን እንደ ደብዳቤ ስታነብ፣
"ከላም ነው" አለችኝ፤ "አፍይው፣ ወይ ግዢ የታሸገውን።"
ለኡርጌ ብነግራት፣ ጠራችብኝ አያቷን፦
"ጥሬውን ጠጥታ ዘጠና ዓመት ኖረች!"
ስንት ልጅ ቀበረች? እሱን አላነሳች።

እሑድ ሳልጠበቅ ሄድኩ። ከጓዳ የኩበት ጭስ፣
በትንሿ ድስት ወተቱ ሲነሳ፣ ጉልላት ሠርቶ ሲመለስ፤
የልጅ ልጇ ጀርባዋ ላይ፣ ማንኪያው እጇ ላይ።
አየችኝ።
"ለሕፃኑ ነው" አለች፣ ዓይኗ ከድስቱ ሳይለይ።

ምንም አላልኩ። ጣሳዬን ዘረጋሁ።
ለካችልኝ፤ ምርቃቱ ከወትሮው በዛ።
በሩ ጋ ስደርስ ግን፣ ከኋላዬ፦
"ቤትሽ" አለችኝ፣ "እሳት አለ?"