ከድስቱ በፊት

(ከዳርላ ወንዝ ዳርቻ፣ ሰሜን ባንግላዴሽ)

ድልድዩስ ቆሞ ነበር፤ መንገድ አጣ ጫፉ፤
መሐንዲሶች ሠሩት፣ ፎቶ አንሥተው አለፉ።
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ከዳርላ ወንዝ መሐል፣
ግድግዳ እንዳጣ በር ብቻውን ተተክሏል።

በቀርከሃ መሰላል ሽቅብ ስንወጣ፣
ከወዲያኛው ጫፉ ቁልቁል ስንመጣ፣
ብስክሌት በገመድ፣ በሽተኛ በቃሬዛ፣
ለመድነው መሰለኝ፤ ሳቅንበት እንደ ዋዛ።
ደብዳቤ ጻፍንና «በሂደት ላይ» አሉን፤
ሌላም ጻፍን ደግመን፤ ሂደቱን ላኩልን።

አንድ ማታ ሹርጃባን፣ በቀርከሃ ቤቷ፣
እጇ ቀጥ አለባት፣ ሩዙ ሳይገባ ድስቷ።
አንድ እፍኝ ዘገነች፣ አንድ እፍኝ ቀነሰች፣
በአሮጌ የወተት ቆርቆሮ አኖረች።
ባሏ «ምነው?» ቢላት፣ «ለመንገዱ» አለችው፤
«መንገድ ሩዝ ይበላል?» ብሎ ሳቀባት ሰው።

ነገሩ ግን ሄደ ከጓዳ ወደ ጓዳ፣
እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ ዘመድ ዕዳ።
ከጁምዓ መልስ ቆርቆሮው ይመጣል፣
ይሰፈራል ሩዙ፣ በገበያ ይሸጣል።
መዝገቡን ለእኔ ሰጡ፣ ለልብስ ሰፊው፣
በመንደሩ ሜትር ያለው እሱ ነው ብለው።
«ፉልባኑ፦ ግማሽ እፍኝ» ይላል አንዱ መስመር፤
ዛሬም ስደርስበት ድምፄ ይላል ስብር።

የመንገዱን ወርድ፣ የተዳፋቱን ቁመት፣
እንደ ሙሽራ ልብስ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤
«ከታች ሰፋ ይበል፣ እንደ ቀሚስ ግርጌ፣
አለዚያ ይናዳል» አልኩ በልብስ ሰፊ ማዕረጌ።

አፋዝ ጀልባ ቀዛፊው አንዲት ፍሬ አልሰጠም፤
«መንገዱ ሲከፈት፣ ጉሮሮዬ ሲዘጋ አላይም!»
እውነቱን ነበረ።
                 ማንም አልመለሰለትም።
አፈሩ ግን ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤
በቅርጫት፣ በራስ ላይ፣ ማን ችሎ ያሻግረው?
በዐሥረኛው ቀን ንጋት ጀልባውን አስጠጋ፤
«ጫኑ» አለ ብቻ፣ ሳይጠይቀን ዋጋ።
በመዝገቤ ጻፍኩት፦ «አፋዝ፣ አርባ ጀልባ አፈር»፤
ከጎኑም «ያለብን ዕዳ» አልኩ፣ ተረስቶ እንዳይቀር።

መንገዱ ተሠራ፤ ጠማማ ነው ጥቂት።
ሐምሌ ላይ ጎርፍ መጥቶ፣ ገና በአንድ ሌሊት፣
ክንድ ተኩል ከጎኑ ቆርጦ ወሰደበት።

ደብዳቤ አልጻፍንም።
                 ሲመሽ ከየቤቱ፣
እሳቱ ሳይነድ ገና፣ ሳይጣድም ድስቱ፣
ሩዝ ቆርቆሮ ሲነካ ይሰማል ድምፀቱ።