የሳህን ዘር

ካንትወርፕ ባቡር ጣቢያ ማዶ፣ ከቢራ ቤቱ ሥር፣
አሥራ አራት ደረጃ ተወርዶ ወደ ምድር፣
ጎደሊቭ ትውላለች በመጸዳጃው በር።

ጠዋት፣ ወለሉ ሳይደርቅ፣ ቦርሳዋን ፈትታ፣
ከራሷ ገንዘብ ላይ ሁለት ሳንቲም አውጥታ፣
ከነጩ ሳህን ላይ ጣል፤ ኳ ማለቱን ሰምታ
ትቀመጣለች።
          ባዶ ሳህን ያየ ሰው
እጁን ኪሱ ከትቶ እዚያው ነው የሚያቆየው፤
ሌላ ሰጥቶ ካየ ግን መስጠቱም አይከብደው።
"ዘር ነው" ትላለች፣ "የሳህኔ ዘር።"
ማታ ሒሳብ ስትይዝ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የምታወጣው ከቁጥር።

አንዱ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንዱ የሱሪ ቁልፍ፤
ሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እልፍ።
"ለውሃ ይከፈላል?" አላት አንድ ጎረምሳ፤
"ለውሃው አይደለም፣ ዳር ላፈሰስከው ነው" አለችው
ጎንበስ ብላ ባልዲዋን ልታነሳ።

በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር፣
ካይሩዋን ደረሰች፣ ተሻግራ ባሕር።
ባውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ጉርሻ ነው፦
"ሻንጣ ለተሸከመ ስንት ነው የሚሰጠው?"
"ለሾፌሩስ? ለግመሉስ ሰውዬ?"
"እኔስ አልሰጥም! ሁሉን ከፍያለሁ ብዬ!"
ማርሊዝ ወረቀት አውጥታ በመቶኛ አሰላች፤
ጎደሊቭ መስኮት መስኮቱን እያየች ዝም አለች።

ምሳ የበሉበት ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ፣
በርጩማ ላይ ሴትዮ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፤
ጉልበቷ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ሁለት ሳንቲም።
ጎደሊቭ ሳንቲሙን እንጂ ሴትዮዋን አላየችም።
ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ማንም ሳይበትናቸው፤
ያስቀመጣቸውን እጅ የሚያውቅ ነው የሚያውቃቸው።

አሥር ዲናር አኖረች።
ወረቀቷ ሳታርፍ እጥፍ፣ ጡት መያዣ ውስጥ ገባች፤
ሳህኑ እንደ ነበረ፣ በሁለት ሳንቲም ቀረች።
(የጠገበ ሳህን ማን ያጎርሳል ደግሞ?)

ጎደሊቭ ሳቀች። ቋንቋ የላትም፤ ሁለት ጣት አነሳች፣
ሳህኑን ጠቆመች፣ ቦርሳዋን፣ ደረቷን መታች።
ሴትዮዋ አፍጥጣ አየቻት። ቆይቶ ገባት።
ትከሻዋ እስኪናጥ ሳቀች፣ ካንደኛው ሳንቲም ላይ አነሳችላት፣
በመዳፏ አስጨበጠቻት።

ጉርሻ ላፍም ለኪስም ስሙ አንድ ነው በኛ፤
"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይባላል፤ እና ለሁለተኛ
ጎደሊቭ አንድ ዩሮ ፈልጋ ከቦርሳዋ፣
ክፍት የቀረውን ቦታ ሞላችው በእጇ።

አንትወርፕ፣ ማክሰኞ ጠዋት። ነጩ ሳህን ላይ ዲናር።
ያ ባለስልክ ሰውዬ ቆም አለ ከበር፤
"የየት አገር ነው?" አላት፣ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ።
"የባልደረባዬ" አለችው።
ኪሱን በረበረ፣ ቆየ፣
ሃያ ሳንቲም ጥሎ ሄደ።