አንድ፣ ዜሮ፣ አራት

ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ውሎ
አንድ ልጅ መጣብኝ መኪና አንጠልጥሎ፤
መዳፍ የምታህል፣ ቀይ ቀለሟ የለቀቀ፣
አንዱ ጎማዋ በላስቲክ የተጠበቀ።

ሪድዋን ነው፣ የኮቺው፣ የመኪያ ልጅ።
«ጋሽ ናዚፍ፣ ተመልከታት፣ ይቺ ጉድ አበደች፤
ቀኝ ስላት ግራ ነች፣ ቁሚ ስላት ሄደች።
ካፓሲተር ግጠምላት፣ ትልቁን፣ በርሜሉን፤
ይጨምራል አሉ የፈረስ ኃይሉን።»
እነማን አሉ?
«ከአዌቱ ማዶ ያሉ ልጆች።»

ሳቄን ዋጥ አረግሁት፤ እኔም በሱ ዕድሜ
የሞተ ባትሪ ድንጋይ በጥርሴ ነክሼ፣
ፀሐይ ላይ አስጥቼ ጠብቄያለሁ ቆሜ።

«በርሜሉ ኃይል አይወልድም፣ ያበድራል እንጂ፤
ሞተር ሲነሳ፣ ባትሪው ሲንገዳገድ
ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደገፍ ያደርግና
ያበደረውን ወዲያው ይቀበላል።
የሂርማታ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም።»

አራት ብሎን ፈታሁ። ሞተሯ እንደ አውራ ጣት፤
ሁለት ሽቦ ብቻ፣ ገላጋይ የሌላት።
ፋብሪካው ሰስቶ ነው።
ከቡርሹ ሥር ትንሽ ሰማያዊ እሳት
ብልጭ ድርግም ይላል፣
እንደ ጎረቤት ጠብ፣ ሳይነድ ሳይጠፋ።

ሞተሯን ነካ ሳደርጋት፣ ከግድግዳው ባሻገር
የሙዘይን ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ፣ የኳስ ውጤት ሲናገር።
«ናዚፍ፣ ዝጋው!» አለኝ ልብስ ሰፊው፣ መርፌ በነከሰ ከንፈር።

«አየህ ሪድዋን፣ ደካማ አይደለችም፤ ለፍላፊ ናት።
የገዛ ጩኸቷ ጆሮዋን ደፍኖባት
ቀኝ ስትላት ቃልህ አይደርሳት።»

ከሞተ ቴፕ ሆድ ሦስት ነቀልኩላት፤
ምስር የሚያካክሉ፣ ቡናማ፣ የግንባራቸው ጽሕፈት
አንድ፣ ዜሮ፣ አራት።
አንዷን ከእግር እስከ እግር አጋደምኳት፤
ሁለተኛዋን ከቆርቆሮ ገላዋ ጋር በየድኳት፤
ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ

መብራት ሄደ።

ጅማ ነው፤ ይሄዳል።
ካውያው ግን ትኩሳቱን ገና አልጨረሰም።
በሞባይሌ ብርሃን፣ ትንፋሼን ይዤ፣
በዚያች በተረፈች ሙቀት
ሊዱ ቀለጠ፣ አብለጨለጨ፣ ረጋ።

ለቀቅናት። በራፍ ላይ ከቆመው ባጃጅ ሥር ሾለከች፤
ቀኝ ሲላት ቀኝ፣ ቁሚ ሲላት ቆመች።
የሙዘይን ሬዲዮ፣ ባትሪ ድንጋዩን ተማምኖ፣
ሁለት ለአንድ አለ፣ ጥርት ብሎ።
ሙዘይን ምን እንደቀረለት አላወቀም፤
ሳይመጣ ለቀረ ጩኸት ማን ምስጋና ያቀርባል?

«አልፈጠነችም» አለኝ ሪድዋን።
አልፈጠነችም።

የሦስት ምስር ዋጋ ስንት ነው? አልጠየቅሁትም።
በካፊያው መሃል፣ ጭቃውን በቀጭን መስመር እያሰመረባት
ወደ ኮቺ ነዳት።
ከመታጠፉ በፊት ግን ዞር ብሎ
መሳቢያዬን አየ፣
በርሜሉ ያለበትን።
ነገ ይመጣል።